አያቴን ከባሕር ማዶ የመለስሁበት ውሸት

ይህን ነገር ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርሁ ይህን ብቻ እየዘለልሁ ሃያ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። ዋሽቻለሁ፤ በሞተ ሰው ስም ዋሽቼ የእህቴን ትዳር አፍርሻለሁ።

ደርሶ የሚባለው አያቴ በጣሊያን ጊዜ ሰው ገድሎ ተፈርዶበት በመርከብ ባሕር የተሻገረ እስረኛ ነበር። ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም። እኔ ግን መምህር ነኝና ታሪኩን ካላወቅሁ ብዬ ሁለት ክረምት ሙሉ ደብተር ይዤ በወገራ ቤት ለቤት ዞርሁ። በመጨረሻ አብሮት የታሰረ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። "እዚያው የታሰርንበት ደሴት ላይ ታሞ ሞተ፤ አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ" አለኝ። ሽማግሌው ብዙም ሳይቆይ አረፈ፤ እውነቱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

በዚያው ዓመት አዳነ የሚባል የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ታናሽ እህቴን የሻረግን ለጋብቻ ጠየቀ። ሸጋ ሰው ነበር፤ እሷም ወዳዋለች። በእኛ አገር ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሥጋ ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አዳነ ከአያቱ ማለፍ አልቻለም፤ አያቱ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሳንጃ የመጣ፣ አገሩን ለልጆቹ እንኳ ሳይናገር የሞተ እንግዳ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ደብተሩ ያለው እኔ ዘንድ ነዋ።

"ያ እንግዳ አያታችን ደርሶ ነው፤ ከእስር አምልጦ ስሙን ቀይሮ ሳንጃ ገባ" አልሁ። እጄን ደብተሩ ላይ አድርጌ ነው ያልሁት።

ለምን? እናቴ እግሯ አይሄድም ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ባለው ቤታችን የምታነሳት፣ የምታጥባት፣ የምታስተኛት የሻረግ ናት። እሷ ሳንጃ ከወረደች እናቴ ከተማ፣ ማራኪ ሰፈር ወዳለችው ሁለት ክፍል ቤቴ ልትመጣ ነው። እናቴን መጦር ፈራሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ፤ ይኸው ነው።

የባሰብኝ የአዳነ አባት ደስታ ነው። ዘሬን አገኘሁ ብሎ ጉልበቴን ስሞ አለቀሰ። በሬ ጥሎ ለደርሶ፣ ምኑም ላልሆነ ሰው፣ ተዝካር አወጣ። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ጠላውን ጠጣሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የሻረግ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አላገባችም። አዳነ በየበዓሉ "እህቴ" እያለ ሲመጣ አንገቷን ደፍታ ታስተናግደው ነበር። አየሁ፤ ዝም አልሁ። እናቴ ስትሞት ምክንያቴም አብሯት ተቀበረ፤ እኔ ግን ያን ጊዜም ዝም አልሁ።

አዳነ ኋላ ሌላ አግብቶ ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ አምና ለትምህርት ማራኪ ስትመጣ ዘመድ ናት ብለን ቤታችን አስቀመጥናት። ልጄ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ባለፈው ሳምንት ፊቴ ተንበርክኮ "አባዬ፣ ሥጋዬን ወደድሁ፤ ምን ይሻለኛል?" አለኝ። እህል ውሃ ትቷል። ልጅቱም ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ነው ያደግሁት። እህቴ በቃሌ ስትጠፋ ያልተጨነቅሁት ሰው፣ ልጄ ሊጠፋ ሲል ግን ቃሌን ለመብላት ተጣደፍሁ።

ትናንት በጠዋት አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። እህቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ከደሴቱ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋት። አልጮኸችም፤ እጇም ከሰፌዱ ላይ አልተነሳም። ስጨርስ "ልጆቹ ዛሬውኑ ይስሙት። ለአዳነም አንተው በአፍህ ንገረው" አለችኝ። ይቅር በይኝ ልላት ከጅሎኝ ነበር፤ በምን አፌ?

ቀና ብላ አየችኝ።

"አያ፣ የአንተ ልጅ ባይሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር?"

ዳግመኛ ልዋሻት እችል ነበር።

"አልነግርሽም ነበር" አልኋት።