በቃኝ የማይሰማበት ገበታ

ልብስ ሰፊዋ በባሏ እህት ቤት «ሙሽሪት» እንደተባለች ቀረች። ልጇ ጥርስ አውጥታ፣ አፍ ፈትታ፣ ጭራሽ መልስ መስጠትም ጀምራለች፤ ስሙ ግን ከእናቷ ላይ አልተነሣም። ባሏም ቢሆን ጢሙ ጉንጩን ሸፍኖት፣ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ በየሰዉ ቤት ሴራሚክ የሚያነጥፍ ጎልማሳ ሆኖ ሳለ፣ ለእህቱ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው። እህቱን ቤተሰቡ ሁሉ እታለም ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። ሲያገባም «ደግሞ የት ልትሄዱ? ቤቱ የእናንተ አይደለም ወይ?» ብላ የጓሮውን ክፍል ለቀቀችላቸው።

ክፉ ብትሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ከክፉ ሰው ቤት ተጣልተው ይወጣሉ። እታለም ግን ደግ ናት። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃ ልትሰፋ ጨርቅ ስትመርጥ፣ እታለም የተሰፋውን ይዛ ከች ትላለች። ለልጇ ሾርባ ስታበርድ «ወዲህ በይው፣ አንቺ ትቸኩያለሽ» ተብላ ማንኪያውን ትቀማለች። ከሰዓት በኋላ እታለም ጋደም ስለምትል የስፌት መኪናው ትንፍሽ አይልም፤ የደንበኛ ቀሚስ እጅጌው ሳይገባለት ውሎ ያድራል።

«እረፊ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ? ምን ጎደለሽ?» ትላታለች።

ምንም አልጎደላትም። የቸገራትም እሱ ነው። ምንም ያልጎደለባት ሴት ምን ብላ ልውጣ ትላለች?

በዚህ መሃል ነው ከደንበኞቿ አንዷ ግቢዋ ውስጥ የሚከራይ ክፍል እንዳላት ያወራቻት። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ብርሃኑ ልክ የሚሰፋ እጅ ላይ የሚወርድ። ልብስ ሰፊዋ አይታው ስትመለስ የመኪናውን ቦታ በልቧ አስተካክላ ጨርሳ ነበር። ኋላ ግን አከራይዋ ሌላ ፈላጊ መጣባትና «እሁድ ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ካልደወልሽልኝ ለሰውየው መስጠቴ ነው» አለቻት።

«እኔ እነግራታለሁ» አለ ባል። ሰኞ እህቱ ደክሟት ነበር። ማክሰኞ እንግዳ ነበረባት። ከዚያ በኋላማ ምክንያት መፈለጉንም ተወው። እንዲሁ እንዳለ እሁድ ደረሰ። እሁድ ደግሞ እታለም ቤተሰቡን ሰብስባ ምግብ ቤት የምትወጣበት ቀን ነው።

ምግብ ቤቱ ከተማው መሃል፣ ፎቅ ላይ ነው። እታለም የማትለቀው ቦታ አላት፤ ጥግ ላይ ያለው አግዳሚ። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ እታለም ከጎኗ መውጫው ላይ ትቀመጣለች። እጅ ለመታጠብ እንኳ እታለም መነሣት አለባት፤ እታለም ደግሞ አንዴ ከተቀመጠች ተቀመጠች ነው።

«ሁለት ዶሮ፣ በደንብ የተጠበሰ» አለችው አስተናጋጁን። «ዓሣ ሙሉውን። ሩዝ በትልቁ ሳህን። ድንች፣ ሰላጣ… ዳቦም ትኩሱን።»

«እታለም፣ አራት ነን እኮ፤ አንዷም ሕፃን ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ታዲያ መጥኜ ላብላሽ? ሳይተርፍ የተነሣ ገበታ ደግሞ ገበታ ነው?»

ሁልጊዜም ይተርፋል። አስተናጋጁ ዓይናቸው እያየ ዓሣውን ከሰላጣው፣ ሩዙን ከአጥንቱ ጋር ቀላቅሎ ይዞት ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ብጣሽ ጨርቅ መጣል የማይሆንላት ሴት ናት፤ ከብጣሹ የልጅ ኪስ ይወጣዋል። ስለዚህ እንዳይደፋ ብላ ሆዷ እስኪወጠር ትበላለች። ሳህኗ ባዶ ሲሆን እታለም ትሞላዋለች። ብትተወው ይደፋል፣ ብትጨርሰው ይጨመራል። «በቃኝ» ብትልም ሰሚ የለም፤ እታለም «በቃኝ»ን የምትሰማው «እስቲ ለምኚኝ» እንደተባለች አድርጋ ነው።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰዓቱን አየችና ባሏን በእግሯ ነካ አደረገችው። ባል ቀና ብሎ እህቱን አየ፤ ድንች ጎረሰ። ደግማ ነካችው። ዶሮ ጎረሰ። የሰውየው አፍ ክፍት ቦታ ጠፋለት።

«ቀስ በል ማሙሽ፣ የሚቀማህ የለም» አለች እታለም።

ከእሱ ምንም እንደማይወጣ ገባት። ራሷ ልትናገር ቆረጠች። የምትለውን ሳምንቱን ሙሉ በስፌት መኪናው ድምፅ ሥር ስትለማመደው ከርማለች፤ «እታለም፣ ውለታሽን አንረሳም፤ አሁን ግን በቃን፣ ለብቻችን እንሞክረው።» ጉሮሮዋን ጠራረገች። ድንጋጤው ግን የነገሩን መጀመሪያ ዋጠባት።

«እታለም… አሁን ግን በቃን።»

«ምን በላችሁና ነው የሚበቃችሁ!» እታለም የዶሮውን ጭን አንሥታ ሳህኗ ላይ ዘጭ አደረገችው። «በሞቴ ይህችን ብቻ።»

«ኧረ እኔ ምግቡን አይደለም…»

«አሃ፣ ዓሣውን ነው የፈለግሽው! ታዲያ አፍ የለሽም?» ዓሣውም መጣ።

ባል ሊስቅ ሲል ትን አለው። እህቱ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት።

ልጅቷ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ከብዳለች። ግድግዳው በጀርባ፣ ጠረጴዛው በሆድ፣ እታለም በጎን። አስተናጋጁ መጥቶ «ላንሣው?» አለና የሩዙን ሳህን ዓሣው ላይ ሊገለብጥ ብድግ አደረገው።

«ቆይ! እንዳትቀላቅለው!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ሁሉ ዞረ። «ጠቅልልልኝ።»

እታለም ደነገጠች። «አንቺ! ሰው ምን ይለናል? ቤታቸው የሚላስ የሚቀመስ የለም ልታሰኚን ነው?» ወደ አስተናጋጁ ዞረች። «ተወው ልጄ፣ ቀልዷን ነው።»

«ቀልዴን አይደለም።»

«ምኑን ነው የምትጠቀልዪው?»

የተለማመደችው ሁሉ ጠፍቶባት ሳለ፣ መልሱ ከእታለም ጥያቄ ውስጥ ወጣላት።

«ምግቡንም፣ ጓዜንም» አለች። «ጠቅልለን ልንወጣ ነው፣ እታለም። ክፍል አግኝተናል።»

እታለም ወንድሟን አየችው። «ማሙሽ?»

አፉ ባዶ ነበር። «እውነቷን ነው» አለ። «ልነግርሽ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ፈራሁሽ።»

«ምን አጎደልኩባችሁ?»

«ምንም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ትንሽ ይጉደልብንና ራሳችን እንሙላው ብለን ነው።»

እታለም ሶፍት መዝዛ ዓይኗን ጠረገች። ሶፍቱን አጣጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ አስተናጋጁ ላይ ዞረችበት። «አንተስ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ጠቅልልላቸው እንጂ! ዳቦውንም። ሰላጣውን ለብቻው። አንድ ዶሮ ደግሞ ጨምርበት፣ ባዶ ቤት ነው የሚገቡት።»

«አይጨመርም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ያለውም ለነገ ይተርፈናል፤ ሩዙን በእንቁላል እጠብሰዋለሁ።» ሐሳቧን ሳትለውጥ ስልኳን አንሥታ ደወለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ። እንወስደዋለን። እሺ… ዛሬውኑ መጥተን ቁልፉን እንቀበላለን።»

«ስንት ቁልፍ ነው ያለው?» አለች እታለም፣ ስልኩ ሳይዘጋ።

«ሁለት ነው ብላኛለች።»

«ጥሩ። አንዱ እኔ ጋ ይሆናል።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። ባሏ ዶሮ ፈለገ፤ ጠረጴዛው ባዶ ነው። እሷም እሺ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሺ ማለት ለምዶባታል።

«አይሆንም፣ እታለም» አለች። «ስትመጪ አንኳኪ። ሮጬ ነው የምከፍትልሽ።»

እታለም አስተናጋጁ ያመጣውን ፌስታል ፈትታ ውስጡን አየች፤ የተጠቀለለውን አንድ በአንድ ነካካችና መልሳ አጥብቃ ቋጠረችው።

«ዓሣው አያድርም» አለች፣ ፌስታሉን ወደ ልብስ ሰፊዋ እየገፋች። «ዛሬውኑ ብሉት።»