ሰላምታ ያልመለስኩላቸው ካፒቴን

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ አንድ መልስ አለኝ፤ መርከቦች እንዳይጋጩ በሬዲዮ አወራለሁ። ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ያለው የሀበሻ ካፌ ይህን ከሰማ ወዲህ ስሜን ረስቶታል። በሩን ከፍቼ ስገባ "ካፒቴን መጣች፣ ተነሱላት" ይላሉ። ባሕር የሌለው አገር ልጅ የእንግሊዝን መርከብ ታዛለች እያሉ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ ይስቁብኛል። እውነቱን ለመናገር መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ጀልባ ላይ ስወጣ እንኳ ያቅለሸልሸኛል።

የምሠራው ቴምስ ወንዝ ዳር ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ከፊቴ ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ ወንዙ ሰፍቶ ከባሕሩ በሚገናኝበት ቦታ ያለ መርከብ ሁሉ ትንሽ ምልክት ሆኖ ይንቀሳቀስባቸዋል። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከላይ ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ግን አብዛኛው አሸዋ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች የሚያልፉት በአንዲት ጠባብ ጥልቅ መስመር ብቻ ነው። ማን እንደሚገባ፣ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ የምንነጋገረው በጋራ ሬዲዮ ነው። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ ስለዚህ ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሌላም ሕግ አለ። የነገርኩትን ሰውዬው መልሶ ይደግምልኛል። ካልደገመው እንዳልነገርኩት እቆጥረዋለሁ።

ለፈረንጆቹ ይህ ምንም አይደለም። በእኛ ቤት ያደገ ሰው ግን አባቱን የሚያህል ሰው "እስቲ ያልኩህን ድገምልኝ" ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ካፒቴኑ ሲሚንቶ በምትጭን ትንሽ መርከብ በየጥቂት ሳምንቱ የሚመጡ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ስሰማቸው እንግሊዝኛቸው የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ልክ የአባቴ ነው፤ እያንዳንዷ ቃል ተረግጣ ትወጣለች። አንድ ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ ጉዳያቸውን እንደጨረሱ አላስችል አለኝና የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫንኩ። "ደህና ይግቡ፣ አባቴ" አልኳቸው።

ከዚያ "ማነሽ ልጄ?" አሉ፤ እየሳቁ ነበር። የባሕርን ነገር ምጽዋ ላይ መማራቸውን፣ ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ አማርኛ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉዳያቸውን በእንግሊዝኛ ይጨርሱና መጨረሻ ላይ "ደህና ዋልሽ ልጄ?" ይሉኛል። እኔም እመልሳለሁ። ሕጉ አይፈቅድም፤ ባልደረቦቼ ግን እንዳልሰሙ ይሆኑልኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ የመርከብ ስምና ቁጥር ስሰማ ውዬ፣ ልጄ የሚለኝ አንድ ሰው አገኘሁ።

በኅዳር አንድ ጠዋት ጉም ወረደ። መስኮታችን ላይ አንሶላ የተሰቀለ ይመስል ነበር። ነዳጅ የጫነ ትልቅ መርከብ ከባሕር እየገባ ነው፤ ከጭነቱ የተነሳ ውሃው ውስጥ ጠልቋልና ከጥልቁ መስመር ንቅንቅ ማለት አይችልም። ካፒቴኑ ደግሞ ሲሚንቷቸውን አራግፈው እየወጡ ነው። ሁለቱ መታጠፊያው ላይ መገናኘት የለባቸውም። የነዳጁ መርከብ እስኪያልፍ ከመታጠፊያው በላይ፣ በቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት አጠገብ እንዲቆሙ ነገርኳቸው።

ጠዋት ስለሆነ ነው መሰለኝ ሰላምታቸውን አስቀደሙ። "ጤና ይስጥልኝ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? አባትሽ ደህና ናቸው?" ስለ መቆሙ ግን "አይዞሽ፣ አየዋለሁ" ብቻ አሉ።

አይዞሽ ደግ ቃል ነው፤ ጉም ውስጥ ግን አይበቃም። የነዳጁ መርከብ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተዋል፣ አንዲት ቃል አልገባቸውም። "ያኛው ምን አለ? ይቆማል ወይስ አይቆምም?" ብለው ጠየቁኝ። ይህን በር የከፈትኩት እኔው ነኝ።

"በእንግሊዝኛ ብቻ። ያልኩትን ድገም" አልኩ። እንግሊዝኛ ሆነና አፌ ደፈረ።

ሳቅ ብለው "እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል" አሉ።

"ያልኩትን ድገም።"

"ልጄ..." ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አቋረጥኳቸው። በሦስተኛው ጊዜ ከአፌ የወጣው ድምፅ ሰነፍ ተማሪ ላይ የሚጮህ አስተማሪ ድምፅ ነበር። ወንዙ ላይ ያለ ሁሉ ሰማ። ያን ጊዜ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው ደገሙት። ከመታጠፊያው በላይ፣ ቀዩ ምልክት አጠገብ፣ የነዳጁ መርከብ እስኪያልፍ እቆማለሁ። ከዚያ "ይቅርታ፣ ማዳም" አሉ።

መርከባቸው ስክሪኑ ላይ ቀስ አለች፣ ቆመች። የነዳጁ መርከብ መታጠፊያውን ዞሮ አለፈ። ማንም አልተነካም። እሳቸውም መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሬዲዮው ጸጥ አለ፤ እኔም ሻዬን ጠጣሁ።

አለቃዬ በጣም ተደሰተች። የተቀዳውን የሬዲዮ ንግግራችንን ለአዳዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ አደረገችውና እኔንም አብሬያቸው እንድቀመጥ ጠራችኝ። ጠንካራ መሆን እንዲህ ነው ብላ አሰማቻቸው። "ይቅርታ፣ ማዳም" የሚለው ላይ ሲደርስ ከአዲሶቹ አንዱ የሰውዬውን አነጋገር አስመስሎ ደገመው፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲያስመስል ማንም ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩት በአባቴ አነጋገር መሆኑ የገባኝ ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው።

እሁድ ባተርሲ ወዳለው የአባቴ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የጉሙን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ የሳቁን ግን ዘለልኩ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

"አበጀሽ፤ በጉም ሰው ያልቃል" አለኝ። "እኔስ ኮንትሮል በአውቶቡሱ ሬዲዮ ሪፒት አድርግ፣ ድገም ሲለኝ ሪፒት አደርግ አልነበር? ሥራ ነው።"

እፎይ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ "ሰላምታውንስ መለስሽለት?" አለኝ።

"ጊዜ አልነበረም አባዬ።"

"መርከቡ ካለፈ በኋላስ?"

መርከቡ ካለፈ በኋላ ጊዜ ነበር። ሻይ ጠጥቼበታለሁ።

"ሰላምታ ማቅረብ የወደደ ያደርገዋል" አለ አባቴ፤ መስጊድ የተማረውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል። "መመለስ ግን ግዴታ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ ከፊቴ የመጣ ሾፌር እጁን አንስቶልኝ እኔ ሳላነሳ አልፌ አላውቅም። ሙስሊም ይሁን፣ ክርስቲያን ይሁን፣ ፈረንጅ ይሁን።" ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ፤ ዳግም አላነሳውም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ብሪክስተን እስክደርስ ፊቴን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዙሬ ሄድኩ። አፈርኩ። ማስደገሜ አይደለም ያሳፈረኝ፤ ዛሬም ጉም ቢወርድ አስደግማቸዋለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል ብለው የጠየቁኝን ሽማግሌ ሰላምታቸውን ሳልመልስ፣ እንደ እንግዳ በር ላይ አቁሜ መተዌ ነው። በዚያ ላይ ስቄባቸዋለሁ። ካሌዶኒያን ሮድ ሄጄ "ካፒቴን መጣች" ሲሉኝ መስማት አስጠላኝና ለጥቂት ጊዜ ቀረሁ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል ስልካቸው የለኝም። የማውቀው ድምፃቸውን ብቻ ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ የሚመጣው ሁሉም በሚሰማው ሬዲዮ ነው። በተመደብኩበት ቀን ሁሉ የመርከባቸውን ምልክት ስክሪኑ ላይ እፈልግ ነበር።

ብርዱ ሊያልቅ ሲል መጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የት እንዳሉ፣ ወዴት እንደሚሄዱ በጥሩ እንግሊዝኛ ነገሩኝ። የነገርኳቸውን ሁሉ ሳልጠይቃቸው ደገሙልኝ። ለአዳዲሶቹ መሰማት የነበረበት ይህኛው ነበር። ጨረሱ። ጠበቅኩ። ደህና ዋልሽ ልጄ የሚለው አልመጣም።

በአቅራቢያቸው ሌላ መርከብ አለመኖሩን አየሁ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆማለች። የመጣው ይምጣ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።

"ደህና ይግቡ፣ አባቴ።"

ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ "አልገባኝም፣ ማዳም። እባክዎ በእንግሊዝኛ ይድገሙልኝ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

አለቃዬ ትሰማለች፤ ወንዙ ሁሉ ይሰማል። "ሌላ መልእክት የለም። መልካም ጉዞ" አልኩ በእንግሊዝኛ።

"ሌላ መልእክት የለም። መልካም ጉዞ" አሉ ካፒቴኑ፤ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ደገሙልኝ።