ከንግሥቴ ጋር የሰገደው

አክስቴ ንግሥቴ ቡሬ ውስጥ ጥጥ እየፈተለች የኖረች ሴት ነበረች። ግራ ዓይኗን ስኳር በሽታ ወስዶባታል። የቀኙ ሞራ ባሕር ዳር በቀዶ ሕክምና ተገፎ፣ ኋላም ውስጡ ደም የሚያፈሱት ሥሮች እንዲደርቁ ሌዘር ተደረገላት። ሐኪሙ፣ «እማማ፣ ዓይንዎ እስኪጠና አይጎንበሱ፣ አይስገዱ። ደም ከፈሰሰበት የቀረው ብርሃንዎ ይሄዳል» አላት።

ስቅለት ደረሰ። «ለእሱ ካልሰገድሁ ዓይን ምን ይሠራልኛል?» ብላ እኔን አስከትላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትሰግድ ውላ ቀና አለችና፣ «ይህ ከፊቴ የቆመው ማነው?» አለችኝ። ከፊቷ ባዶ ግድግዳ ነበር።

«ስሰግድ ይሰግዳል፣ ስነሳ ይነሳል። ጥቁር ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ አያት። ዓይኗ ውስጥ ደም ፈሷል። በቀዶ ሕክምና ካልተጠረገ እንደምትታወር ነግሮ ቀጠሮ ሰጣት።

ቤት ስንገባ፣ «አወቅሁት» አለች። «ገነነ ነው። ትከሻው ያው ነው።»

ገነነ ባሏ ነው፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

«እቴ፣ ደም ነው ተብሏል እኮ።»

«ይሁን። ባሏን በቢላ የምታስወጣ ሴት አይተህ ታውቃለህ?»

ቀጠሮው አለፈ። ብለምናትም አልሄደችም። ገነነ እየቀረበ መምጣቱን ግን ትነግረኝ ነበር፤ መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ምሰሶው ሥር። አንድ ቀን ጠዋት እንዝርቷን አስቀምጣ፣ መደቡ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቅቃ ጠጋ አለች።

«አሁን ፊቱን አየሁት» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ሌላ ነገር አላየችም።