ሽማግሌ የተላከበት ድንጋይ

ዲላ መናኸሪያው አጠገብ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሱቁንም ቤቱንም የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሳሎኔ ውስጥ ሰው ሁሉ ብርጭቆና ሰሃን የሚደረድርበት ዓይነት ቡፌ አለኝ፤ የእኔ ግን የተሞላው በድንጋይ ነው። እሳት ያልነካው ወርቅና ብር፣ ከመሬት እንደወጣ፣ ከነድንጋዩ። የምሰበስበው ልሸጠው አይደለም፤ ላየው ነው። «ለማየት ብቻ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ለማየት ብቻ! ኳስ ለማየት ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰው እኔን ምን አግብቶት ይጠይቀኛል?

ነገሩ የተጀመረው በካርቡሬተር ነው። ከሻኪሶ በኩል የሚመጣ ወርቅ ቆፋሪ ደንበኛ ነበረኝ። አንድ ቀን ካርቡሬተር ሊገዛ መጥቶ ኪሱን ሲፈትሽ፣ የሕፃን ጡጫ የሚያክል ነጭ ድንጋይ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ነጩን ሰንጥቆ ወርቁ እንደ ሣር ሥር ተሰራጭቶበታል። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለውን ድንጋይ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በውሃ አጥበው፣ ነጩን ደፍተው ወርቁን ይለቅማሉ። «ቤት ስደርስ እወቅጠዋለሁ» አለኝ። እጁን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት እኔም አላውቅም፤ ብቻ እንዳይወቀጥ ፈለግኩ። እሱ ካርቡሬተሩን ይዞ ሄደ፤ ድንጋዩ እኔ ጋ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ዞረ። አንዱ ዝገት የመሰለ ቡናማ ድንጋይ ላይ ፍንጥቅጥቅ ያለ ወርቅ አመጣልኝ። ለትምህርት ሞሮኮ ሄዶ የነበረ የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ብር ይዞልኝ መጣ። ብር ሲቆይ ስለሚጠቁር ከሰል መስሏል። የልጁ እናት አንድ ቅዳሜ ቤት ልታግዘኝ ገብታ፣ ያን ብር እንደ አንገት ጌጥ በሎሚና በአመድ ፈትጋ አንጸባርቃ ጠበቀችኝ። ቀጫጭኑ ሽቦ ግማሹ ተሰብሯል። «ቆሽሾልሽ ነበር እኮ!» አለችኝ፣ ምስጋና እየጠበቀች። ጮህኩባት፤ አኮረፈችኝ። ብሩ ተመልሶ ሲጠቁር ታረቅን።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። የከበደኝ የልጄ ሠርግ ነው።

ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ወረዳ ቢሮ ይሠራል። ያጫት ልጅ ቤተሰቦች ፍስሐ ገነት ከተማ የታወቁ ቡና ነጋዴዎች ናቸው። ጥሎሹ ሲታሰብ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ቡፌው ፊት ቆሞ በካርቡሬተሩ የቀየርኩትን ነጭ ድንጋይ እያሳየ፣ «እማ፣ ይሄን ትልቁን ለአንጥረኛ ብንሰጠው ደህና ሐብልና የጆሮ ጌጥ ይወጣዋል» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት።

«ለእኔ እኮ ነው!»

«ለአንተም ቢሆን።»

በሩን ወርውሮት ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆሙ። ለጋብቻ ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሴቷ ቤት ነው። በገዛ እናቱ ላይ ሽማግሌ የላከ ልጅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደሜ ፈላ፤ ግን ሽማግሌ በር ላይ አይቆምምና ግቡ አልኳቸው።

ትልቁ የኮንጋ ገጠር ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «እንግዲህ አንተ እናት ነህ» አሉኝ። «ድንጋይ ከልጅ አይበልጥም። እሺ ካላልክ እኛ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው እኔም አልቀመጥም፣ አባቴ» አልኩ።

ቆመን ቀረን። አራት ሰው ሳሎን መሃል፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ። አንደኛው ሽማግሌ ሪህ አለባቸው፤ ቡፌውን ተደግፈው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አሳዘኑኝ፤ አሳዘኑኝ ብዬ ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

«የሠርጌ ሐብል የት እንደሄደ ያውቃሉ?» አልኳቸው። «የቡና ዋጋ የወደቀ ዓመት ሸጥነው። የጆሮ ጌጤ በባለቤቴ ሕመም ሄደ። አምባሬ ይሄው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ሄደ። ሁሉም አንጥረኛ ቤት ቀልጧል፤ በአንዱም አላለቀስኩም። ይሄ ግን አይቀልጥም። ያ ሁሉ የሚስትነቴና የእናትነቴ ነበር። ይሄ የእኔ ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ቡፌው ዞረው አዩ። «ሽማግሌ ባዶውን አይመለስም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ባዶዎን አይመለሱ። ልጄ ይምጣና በገዛ እጁ፣ እኔ እያየሁ፣ ይስበረው። ከሰበረው ይውሰደው።»

ሦስቱም ተቀመጡ። ያሸነፉ መስሏቸዋል። እኔም ተቀመጥኩ፤ ግን ቢሰብረውስ?

በማግስቱ መጣ። ከሱቁ መዶሻ አምጥቼ ሰጠሁት። ድንጋዩን ግቢው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ መታው። ነጩ ተፈረካከሰ፤ መሃሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንስቶ ሊለያየው ቢጎትት፣ ወርቁ በስንጥቁ መሃል ተወጥሮ ሁለቱን ገጽ አያይዞ አለቅም አለ።

«ለምን አይላቀቅም?»

«ወርቅ ነዋ! ድንጋይ ይሰበራል፤ ወርቅ ይለጠጣል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አይበጠስም።»

«ፒንሳ አለሽ?»

ፒንሳም ሰጠሁት። ልክ ነው፣ ሰጠሁት፤ ቃል ቃል ነው። ፒንሳውን ወርቁ ላይ አስጠጋ። ድንጋዩን ወደ ብርሃኑ አዞረ፣ እንደገና አዞረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው መሰለኝ። ከዚያ ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና «ተይው» ብሎኝ ሄደ። አልሳመኝም፤ ዞሮም አላየኝም። እኔም አልጠራሁትም።

የወንዱ እናት ጥሎሽ ይዛ አትሄድም። እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ከሚዜዎቹ ጋር መኪና ላይ ወጣሁ። ፍስሐ ገነት ስንደርስ ቤቱ ጢም ብሏል። ሚዜው ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ሽቶውን እያነሳ ሲያሳይ እልልታው ደራ። በመጨረሻ፣ ልጄ ከደሞዙ ቆጥቦ የገዛትን ክር የምታህል ሐብል አነሳ። እልል ያለ የለም። የሙሽራዋ አክስቶች ተያዩ። አንዷ እንድሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እናቱ ወርቁን ቡፌ ውስጥ ነው አሉ የምታስቀምጠው» አለች። ልጄ አንገቱን ደፋ።

ተነሳሁ።

«አዎ፣ አስቀምጣለሁ» አልኩ። «ይህችን ሐብል ልጄ ሠርቶ ነው ያገኛት። ማንም እናት አልቀለጠችባትም።»

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም እልል አልኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ የሚያጅበኝ አልነበረም፤ ጉሮሮዬ ሊሰነጠቅ ደርሶም አላቆምኩም። በዚህ መሃል ከውስጠኛው ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ እልል ብሎ ተቀበለኝ። ሙሽራዋ ነበረች። ሙሽራ ለራሷ ጥሎሽ እልል ስትል ሰምቼ አላውቅም።