ከፈረሰ ጣሪያ የተሠራ ደጋን

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከቀርከሃ ሥር ተቀምጬ ነበር። ከቀርከሃ ሥር ስል ጓሮ ከተተከለው አይደለም፤ አባባ ሃንዲሶ ከምድጃቸው በላይ ቆጡ ላይ ከደረደሩት፣ የስንት ዓመት ጭስ ጠጥቶ ከጠቆረው የቀርከሃ ፍልጥ ሥር ማለቴ ነው። አባቴ መምህር ሆኖ ከሰሜን ወደ ሆሳዕና ሲመደብ የተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት በእሳቸው ግቢ ውስጥ ነበር። እኛ በቆርቆሮው፣ እሳቸው በሣር ክዳኑ። አመሻሹ ላይ እናቴ ራት እስክታቀርብ ግቢውን አቋርጬ ጎጇቸው እገባለሁ፤ ያኔ የቤቱን ውስጥ የሚያሳየኝ ፍሙና ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ ብቻ ስለነበሩ፣ ዓይኔ ጭሱን እስኪለምድ ድረስ እንባዬ ይወርዳል። እሳቸውም ፈገግ ብለው «አልቅስ፣ አልቅስ፣ ተረቱ አሳዛኝ ነው» ይሉኛል፤ ገና ሳይጀምሩ።

«አልቅስ» ያሉኝ ወንድ ሆኜ አይደለም። አባባ ሃንዲሶ አፋቸውን የፈቱት በሀዲይኛ ስለሆነ በአማርኛቸው ውስጥ ሴትና ወንድ ብዙም አይለዩም፤ እኔን «አንተ»፣ አውራ ዶሯቸውን «አንቺ» ይሉ ነበር። ማንም አላረማቸውም። ያን ያህል ተረት ለሚያውቅ ሰው ሰዋስው ምን ያደርግለታል?

ሥራቸው ደጋን መሥራት ነበር። ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው ደጋንን ያውቀዋል፤ ቀስት የመሰለ፣ ጅማት የተወጠረበት፣ ጅማቱ ሲመታ ጥጡ እየተፍታታ አረፋ የሚሆንበት ዕቃ ነው። እንጨቱ ከላላ ጅማቱም ይላላል፣ ጥጡም እንደ ተቋጠረ ይቀራል። አባባ ሃንዲሶ ታዲያ ሁለት ቀጫጭን የቀርከሃ ፍልጦች ደርበው ከቆዳ ቅቅል በሚያወጡት ሙጫ ያጣብቁና፣ በጅማት ጠፍረው፣ መሬት ላይ በተተከሉ ችካሎች መሐል አጉብጠው ያደርቁታል። እንዲህ የተደራረበ ደጋን ከባለቤቱ ጋር ያረጃል ይሉ ነበር። ችግሩ ቀርከሃው ነው። ገበያ የሚወጣው እርጥብ ነው፤ እርጥቡ ሦስት ዓመት ጭስ ካልጠጣ ነቀዝ ይጨርሰዋል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም። የበሰለም ርካሽም የሆነ ቀርከሃ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አሮጌ ቤት ጣሪያ ውስጥ።

ያኔ ደግሞ አሮጌ ቤት የሚፈርስበት ዘመን ነበር። ገበሬው ወደ አዲሱ መንደር ተሰብሰብ ተብሎ ጎጆውን ሲያፈርስ ምሰሶውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ የጣሪያውን ቀርከሃ ግን ለማገዶ ይተወዋል። አባባ ሃንዲሶ ይህን የሰሙ እንደሆነ ፎንቆም ይሁን ጃጁራ ሄደው ይገዙታል። ሲገዙ አይከራከሩም ነበር፤ ቢሆንም የሰውን ጣሪያ በማገዶ ዋጋ መውሰዱ ይከነክናቸዋል። ስለዚህ የራሳቸውን ልማድ አወጡ። ሌላው ገዢ ምራቂ ሲጠይቅ እሳቸው ተረት ይጠይቃሉ። እዚያ ቤት፣ እዚያ ምድጃ ዙሪያ ሲነገር የኖረ አንድ ተረት ካልተጨመረላቸው ቀርከሃውን አያነሡም። ማታ ማታ ወደ ቆጡ ቀና ይሉና አንዱን እስር በጣታቸው እያሳዩ «ይሄ የጃጁራው ነው፤ ይሄ ቤት የዝንጀሮ ወሬ ይወድ ነበር» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ተረት ከቀርከሃ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ የሸማኔዎች ማኅበር ስድስት ደጋን አዘዛቸው። ከወደደው በየጊዜው ሊወስድ፣ ካልወደደው ከሌላ አገር ሊያስመጣ። የድሮ ደንበኞቻቸው እየሳሱ ሄደው ነበር፤ ዱራሜ ያገባችው ልጃቸውም ብቻህን አትኑር፣ ወደኔ ና የሚል መልእክት በመጣው ሰው ሁሉ ትልክባቸው ነበር። እናቴን «ይሄ ሥራ ካልሆነ ዱራሜ መሄዴ ነው» ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። ዱራሜ ሩቅ አገር አይደለም፤ ለእኔ ግን የዓለም ዳርቻ ነበር፤ ያንን ግቢ ያለ እሳቸው ላስበው አልቻልኩም። ለስድስት ደጋን አሥራ ሁለት ፍልጥ ያስፈልጋል፤ አሥራ ሁለቱም ቆጡ ላይ ነበሩ፤ ፎንቆ ካሉት ከእማማ ዘይነባ፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አሮጊት ቤት፣ ተመርጠው የመጡ ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ለመሠረተ ትምህርት ዳስ ሊሠራ ስለሆነ ተማሪ ሁሉ ቀርከሃ ይዞ ይምጣ ተባለ። ጓሮው ቀርከሃ ያለው ልጅ አልቸገረውም፤ እኛ ግን ተከራይ ነን። ባዶ እጁን የሄደ ደግሞ ለቅጣት ሰልፍ ፊት ይቆማል። አባባ ሃንዲሶ ገበያ ሄደው ነበር። ቆጡ ላይ ተንጠላጥዬ አራት ፍልጥ አወረድኩ። ስርቆት አልመሰለኝም፤ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። የወሰድኩትም ደረቁን፣ ቀላሉን፣ ቀጥ ያለውን ነው፤ የለመደ ሌባ እንኳ እንደዚያ አይመርጥም። መምህሩ ተቀብሎኝ «ጎበዝ» አለኝ። በጎበዝነቴ እንደ ኮራሁ ዋልኩና ሳልነግራቸው መሸ፤ በነጋታውም መሸ።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሥራ ሊጀምሩ እስሩን አወረዱ። ቆጠሩት። ደግመው ቆጠሩት። እኔ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ነበርኩ፣ ቆሌዬ ተገፈፈ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አሉና እሳቱን አፍጥጠው ያዩት ጀመር።

«ዘይነባ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ማክሰኞ ለገበያ መጥታለች አሉኝ። ሌባ ቢሆን ሁሉን ይወስድ ነበር። አራት ብቻ ወስዶ ስምንት የሚተው የጎደለበትን የሚያውቅ ሰው ነው። በርካሽ ገዛሁባት፣ አዘነችብኝ።»

ነገ ፎንቆ እንደሚሄዱ፣ ይቅርታ ጠይቀው የቀሩትን ስምንቱንም እንደሚመልሱ ነገሩኝ። የሰው ቅሬታ ያለበት እንጨት አይጎብጥም፣ ይሰበራል አሉ። ከዚያ በኋላ ዱራሜ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ሲበዛብኝ ግን ነገሩን የማስረሳ መስሎኝ ተረት ንገሩኝ አልኳቸው። «የእሷን ቤት ልንገርህ፣ ይውጣልኝ» ብለው ጀመሩ።

ጃርት ድሮ ለስላሳ ነበር አሉ። የአንድ ገበሬ ልጆች እንደ ድመት እየዳበሱት፣ እሱም ቀን ቀን ከደጃቸው እየተኛ፣ ማታ ማታ የእንሰታቸውን ሥር ይበላ ነበር። ገበሬው እንሰቱ ሲወድቅበት ጅብን ጠረጠረ፤ ስሙ ከጠፋ ሰንብቷልና። ጅብ እንሰት አይበላም፣ ይህንን ጃርት ያውቃል። ጅቡ ታስሮ ሲገረፍ ጃርት ከሰው መሐል ቆሞ አየ። ከእሱ የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር፤ ዋጠው። የዋጠው ቃል ግን ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ አለና በጀርባው በኩል እሾህ ሆኖ ወጣ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጃርትን የሚዳብሰው የለም።

ኩራዟ ነበልባሏን ታወዛውዛለች፣ የእኔም ጥላ ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፀጉሬም ጥላው ላይ እሾህ መስሎ ታየኝ። በቀሚሴ ላይ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ጀርባዬን ዳሰስኩ። አባባ ሃንዲሶ ምንም አልጠረጠሩም፤ እንደ ወትሮው ራሴን ዳበስ አድርገው «ሂድ፣ እናት ትጠራለች» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ራት አልበላ ብዬ እናቴ ግንባሬን ነካች፣ ትኩሳት አጣች።

ጠዋት ስነሣ ጎጆው ተዘግቷል። «አባባ ቀርከሃቸውን ይዘው መናኸሪያ ሄዱ» አለች እናቴ። ደብተሬን እዚያው ጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። መናኸሪያው ውስጥ ተሸካሚው፣ ትኬት ሻጩ፣ ረዳቱ ሁሉ ይጮሃል፤ የፎንቆዋ መኪና ሞተሯን አስነሥታ ትንቀጠቀጣለች። አባባ ሃንዲሶ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፣ ስምንቱን ፍልጥ በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ቁመቴ መስኮቱ ድረስ አይደርስም ነበር፤ የመኪናውን ሆድ በመዳፌ እየመታሁ ተጣራሁ። ወደ ታች አዩኝ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አልኩ። «ለዳሱ። እሳቸው አይደሉም።»

«አንተ?»

«አዎ።»

«ዘይነባ አልመጣችም?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ያን ጊዜ ያየሁትን መልክ እንዴት ልንገራችሁ? ቁጣ ስጠብቅ ፊታቸው ፈታ አለ። ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንኳን አንተ ሆንክ» አሉ። «ልጅ ሲወስድ ጨዋታ ነው። እኔ ሰው በድዬ መስሎኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።» ረዳቱ ሂሳብ ሊቀበል ቆሞ «አባት፣ ይሄዳሉ ወይስ ይወርዳሉ?» ሲላቸው፣ «መንገዴን ጨርሻለሁ» ብለው ወረዱ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ስነፋረቅ፣ ተሸካሚዎቹ ከመኪና የቀረሁ መስሏቸው ያባብሉኝ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድን፤ መንገዳችን ላይ ከአንድ ወዳጃቸው ጓሮ ስድስት እርጥብ ቀርከሃ አስቆርጠው አሸከሙኝ፣ ቅጣቴም እሱ ብቻ ሆነ። መምህሩ የተሰጠ ነገር አይመለስም ሊል ጀምሮ ነበር፤ በአራት ፋንታ ስድስት ሲቀርብለት ግን ዳሱ እንደሚጠነክር ተስማማ። ከወሰድኳቸው አራት ፍልጦች ሁለቱ ገና በገመድ እንደ ታሰሩ ነበሩ፣ ሁለቱ ጭቃ ተመርጎባቸዋል። ጭቃውን በጥፍሬ ፋቅኩ፣ በውሃ አጠብኳቸው። አባባ ሃንዲሶ እያንዳንዱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አሸተቱ። «ጭሱ አልወጣም» አሉ። እኔም ያን ቀን ክፍል ስገባ አረፈድሽ ተብዬ ተንበረከክሁ፤ እንዲያ ደስ እያለው የተንበረከከ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ስድስቱ ደጋን ጎብጠው፣ ደርቀው፣ ጅማታቸው ተወጥሮ ለማኅበሩ ተሰጡ። የማኅበሩ ሽማግሌ ሸማኔ አንድ በአንድ ጉልበቱ ላይ እየደገፈ ጅማቱን መታ መታ አደረገና የሚቀጥለው መቼ እንደሚደርስ ጠየቀ። የዱራሜ ወሬ በዚያው ቀረ። እናቴ ስትነግረኝ ከጎጆው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ጭስ እንኳ አልነበረም።

አባባ ሃንዲሶ ግን ጥርጣሬው ነካክቷቸው ስለነበር ፎንቆን አልተዉትም። ከዚያው ቤት ከተረፈ አጭር ቀርከሃ ሁለት ስስ ፍልጥ አውጥተው ሰባተኛ፣ ትንሽ ደጋን ሠሩና አንድ ቅዳሜ እኔን አስከትለው ሄዱ። እማማ ዘይነባ በአዲሱ መንደር፣ በገመድ የተለካ በሚመስል የቤት ሰልፍ መሐል፣ ገና ጭስ ባልለመደ ነጭ ጎጆ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሁለቱ በሀዲይኛ ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ እማማ ዘይነባ ጥጥ አውጥተው ደጋኑን ሞከሩት። አንዴ መቱት፣ ቆም አሉ። ደግመው መቱት። የሆነ ነገር ተናገሩ፤ አባባ ሃንዲሶ ግን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ዝናብ ሲጀምር ጣሪያዬ የሚለው እንደዚህ ነበር አለች» አሉኝ። «በርካሽ መሸጡ አልከፋትም። ማገዶ ሆኖ ይነዳል ብላ ነበር የከፋት።»

ከዚያ በኋላ አሮጊቷ እየሳቁ ሲነድፉ፣ ጥጡ ጭናቸው ላይ ሲከመር፣ እኛም የቀረበልንን ስንበላ ዋልን። ስንመለስ መኪናው ሞልቶ ስለነበር እኔና አባባ ሃንዲሶ ተጣብበን ተቀመጥን። ተረት ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ገና ከፎንቆ ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ጭንቅላታቸው ቀስ እያለ ወርዶ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ጣሪያ ሲገዙ ውስጥ ውስጡን ምን ተሸክመው እንደ ኖሩ ያኔ አላወቅኩም፣ ልጅ ነበርኩ። ትከሻዬ ቢደነዝዝም እንዳይነቁብኝ ብዬ እስከ ሆሳዕና ድረስ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ከነገሩኝ ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ የዚያን እንቅልፍ ክብደት ግን አልረሳሁም።