ለጀልባው «የስ ሰር» ያልኩበት ከሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሰላም የፓስታ ካርቶን በመቀስ እየቆረጠች ሳሎኑን ሞልታው አገኘኋት። እዚሁ አዳማ አንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። መጽሐፉ ለሁሉም ልጅ ስለማይደርስ ካርድ ትሠራለች፤ ባንዱ በኩል ሥዕል፣ በሌላው በኩል ቃል። ከሙቀቱ የተነሳ በሩ ተከፍቷል፤ ነፋሱ እንዳይበትንባት ካርዶቹ ላይ የእኔን ጫማ ጭናለች።

«የመጀመሪያው ምን ይላል?» አልኳት።

«የስ ነው አባባ። እሺ የምትል ልጅ ሣልኩበት።»

«ኖስ?»

«እሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«ሳምንት ሩቅ ነው» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፍኩ ሰው አይደለሁም። ይህንንም የምጽፈው ፊደሉን እየለቀምኩ ነው። ስለ ማስተማር እኔን የሚጠይቀኝ የለም፤ ባይጠይቁኝም እናገራለሁ።

እንግሊዝኛ መጀመሪያ ያስተማረን መምህር ለሚ ይባል ነበር። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፣ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ለክፍሉ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ነበረ፤ እሱንም ምስጥ በልቶታል። መምህር ለሚ ታዲያ በሰውነቱ ያስተምር ነበር። «ስታንድ አፕ» ብሎ ይነሳል፣ እኛም እንነሳለን። «ሲት ዳውን» ሲል ሁለት መዳፉን ወደ መሬት ይጫናል። አንድ ቀን ከቤቱ የአህያ መጫኛ ገመድ ይዞ መጣና እኛን ለሁለት ከፍሎ «ሆልድ! ፑል!» እያለ ሜዳ ላይ አጓተተን። ጉልበቴ ተላልጦ ገባሁ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም፤ እንደዚያ የተማርኩት ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

ጢም ማብቀል ስጀምር በአጎቴ በኩል ላንጋኖ ዳር ካለ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ። አለቃችን ጋሽ ግርማ ንጹሕ ሰው ነበር፣ ሸሚዙ እጥፋት አያውቅም። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን በአንዲት በታይፕ የተመታች ወረቀት ነው። ጠዋት ጠዋት ከማዕድ ቤቱ ኋላ፣ ዓሣ የሚያጸዱት ሴቶች እየሳቁብን፣ እንደ ዳዊት እናነበንባታለን። ሻይ ይፈልጋሉ ወይ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ መልካም ቀን። ወረቀቷ ላይ ኖ የሚል የለም።

አንዱ ጓደኛችን ይህንኑ ሲጠይቀው ጋሽ ግርማ «ቤትህ የመጣ እንግዳ ውኃ ቢልህ የለም ትለዋለህ?» አለው።

«አልለውም።»

«እንግዲያው እዚህም አትልም። የስ ሰር። በቃ።»

ነገሩ ልክ መሰለን። እኛ አገር ለእንግዳ እምቢ ማለት ነውር ነው። ወረቀቱ ያለንን ጠባይ በእንግሊዝኛ አደረገልን እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም።

የካቲት ነበር። ላንጋኖን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውኃው እንደ ሻይ ቀይ ነው፣ ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ጀልባ የሚያስነሱት አባ ቃሲም የተባሉ የዚያው አገር ሽማግሌ ለሶላት ሄደው ነበር። እኔ ዳሩ ላይ ብርጭቆ እየለቀምኩ ነው። አንድ ፈረንጅ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጁን ይዞ መጣ። ጀልባውን አሳየኝ፣ ሰማዩን አሳየኝ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው፤ ገብቶኛል። የግራሩ ጫፍ በነፋስ መነቃነቁንም አይቻለሁ። ኖ የሚለውን ቃልም አላጣሁትም። አፌ ግን እምቢ አለ።

«የስ ሰር» አልኩት።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ገመዱን የፈታሁላቸው ራሴ ነኝ።

አባ ቃሲም ሲመለሱ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ይዞ ነበር። ጀልባዋ ርቃ ብቅ ጥልቅ ትላለች።

«ማን ፈቀደላቸው?»

«እኔ።»

«ሳይጠይቁህ?»

«ጠይቀውኛል።»

አዩኝ። «አፍ የለህም እንዴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ግባ» አሉኝ፣ ወደ ሌላው ጀልባ። ዋና አልችልም። ገባሁ።

እሳቸው ይቀዝፋሉ፣ እኔ የገባብንን ውኃ በቆርቆሮ እየቀዳሁ እደፋለሁ። ስንቀርብ ሰውየው አንዱን መቅዘፊያ ውኃ ወስዶበት በአንዱ ይታገላል፤ ጀልባቸው ዝም ብሎ ይዞራል። ልጅቷ ስታየን እጇን እያውለበለበች ብድግ አለች። ጀልባው አጋደለ።

«ቁጭ በላት! ትገለብጠዋለች!» አሉ አባ ቃሲም።

አፌን ስከፍት የመጣልኝ የወረቀቷ ነው፤ ሻይ ይፈልጋሉ ወይ። እውነቴን ነው። ማዕበሉ ሲመታኝ ወረቀቷ ጠፋች፣ እጄ ግን ራሱ ተነሳ፤ ሁለት መዳፌን ወደ ታች ተጫንኩ።

«ሲት ዳውን!»

ልጅቷ ዱብ አለች። አባቷም መቅዘፊያውን ጥሎ እንደ ተማሪ ቁጭ አለ። ገመድ ወረወርኩ። የመጀመሪያው ውኃ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ሰውየው ክንድ ላይ አረፈ።

«ሆልድ! ፑል!»

ሳበ። እኔም ሳብኩ፣ መዳፌ እስኪላጥ። ጀልባና ጀልባ ሲጋጩ ልጅቷን በቀሚሷ ይዤ ወደ እኛ አሻገርኳት። ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፤ እስከ ዳር አንገቴን አለቀቀችም።

ዳር ስንደርስ ሰውየው ልጁን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ። አላመሰገነኝም፣ አልተቆጣም። ጣቱን ወደ ሐይቁ ቀስሮ፣ ከዚያ ወደ ደረቴ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። ታውቅ ነበር ወይ ነው የሚለው። ጋሽ ግርማ ከኋላዬ ቆሟል። አላውቅም ብል ማንም አይከሰኝም ነበር።

«የስ ሰር» አልኩት።

 ከዚያ ልጁን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ወረቀቷ ስትነበብ አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ግርማ «እንግዳ ልታባርርብኝ ነው?» አለኝ። «ከሚሰምጥ እንግዳ የሚቀየም እንግዳ ይሻላል» አልኩት። ከምግብ አዳራሹ አስወጣኝ። አባ ቃሲም ጀልባው ጋ ወሰዱኝ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለመጣ ሁሉ ኖ የምለው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባልኩ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ይህንን ለሰላም ስነግራት መቀሱን አስቀምጣ ሰማችኝ። «ኖን ከምራቸው ተምረው እኔኑ እምቢ ቢሉኝስ?» አለች።

«ይበሉሽ። ተነስተው፣ እጃቸውን አወዛውዘው፣ ጮኸው ይበሉሽ።»

አንድ ካርቶን ቆረጠች። «ምን ልሣልበት?»

«ገመዱ ያልተፈታ ጀልባ» አልኳት።

ሣለችው። ጀልባው ጫማ ይመስላል። ገመዱን ግን ሁለቴ አሰረችው።