አንገቷን የደፋች ልጅ

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት በአንድ ክረምት ድንገት ረዘመች። ደረቷም ከእኩዮቿ ቀድሞ ታወቀ። ዓባይ ማዶ ባጃጅ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ተራ የሚጠብቀው ጎረምሳ ሁሉ ዐይኑን እሷ ላይ የሚጥል እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ በዐይኔ እቆጣታለሁ፤ ከገባች በኋላ ደግሞ በአፌ።

«ምን ደረትሽን ነፍተሽ ትሄጃለሽ? ትከሻሽን ሰብሰብ፣ አንገትሽን ደፋ አድርጊ።»

እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። አባቴ ደቅ ደሴት ላይ ቄስ ነበሩ፤ በእሳቸው ቤት ሴት ልጅ ቀና ብላ በሰው ፊት አታልፍም። ልጄ ነገር አታስደግምም፤ በዓመቱ ጎበጥ ብላ መሄድ ለመደች። ጎረቤቱ ሁሉ ጨዋነቷን ሲያወራልኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ሩጫ የጀመረችው በትምህርት ቤት ውድድር ነው። ድሮ ሯጭ የነበረ አንድ አሠልጣኝ አይቷት ጠዋት ጠዋት ቤዛዊት ዳገት ላይ ከሚያሠለጥናቸው ልጆች ጋር ቀላቀላት። አንድ ቀን ሱቄ መጣና ውኃ ገዝቶ እዚያው ቆሞ እየጠጣ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ ትንፋሿም እግሯም የሯጭ ነው። ግን ጎብጣ ነው የምትሮጥ» አለኝ።

«ጨዋ ስለሆነች ነው» አልሁት፤ ደሜ ፈልቶ ነበር።

«ጨዋነቷን አልነካሁም። ስትጎብጥ ደረቷ ይታፈናል፣ አየር ያጥራታል። ዳሌዋ ወደ ኋላ ይቀርና እርምጃዋም ያጥራል። አገጯን ቀና፣ ትከሻዋን ላላ አድርጋ መንገዱን አሻግራ ትይ። ወደፊት ዘንበል ብትልም ከቁርጭምጭሚቷ ይሁን እንጂ ከወገቧ አትታጠፍ።»

የውኃውን መልስ ቆጥሬ ሰጠሁት። ከሁለት ወር በኋላ ዕቃ ላመጣ በማለዳ የዓባይን ድልድይ ስሻገር ሯጮች ከፊት ለፊቴ መጡ። ከሁሉም የቀደመችው ደረቷን ከፍታ፣ እጇን ዝቅ አድርጋ፣ ያለ ድካም የምትሮጥ ቀጥ ያለች ልጅ ነበረች። የማን ልጅ ናት ብዬ አደነቅሁ። አጠገቤ ስትደርስ ነው የራሴ መሆኗን ያወቅሁት።

እንዴት ታምሪያለሽ ልላት ይገባ ነበር። እኔ ግን ቤት ስትመጣ፣ «ድልድዩ ላይ አየሁሽ፤ ሰው ሁሉ ያይሽ ነበር» አልኋት። ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ገብቷታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱ ላይ ቀና ትላለች፣ ወደ ሰፈር ስትቃረብ ትጎብጣለች።

አሠልጣኙ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ መጣ። «እኔ ጋ የምትቆየው ሁለት ሰዓት ነው፤ ቀሪውን ቀን እርስዎ ዘንድ ናት። ሲደክማት የምትመለስ ወደ ለመደችው ነው» አለኝ። ነገር ያበዛ መሰለኝ።

የክለብ ማጣሪያ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ክለቡ የሚወስደው ከአንድ እስከ ሦስት የወጡትን ብቻ ነበር። ልጄ ሌላ ምኞት አልነበራትም፤ ከሳምንት በፊት ልብሷን አጥባ አጣጥፋ ነበር። እኔም ሱቁን ዘግቼ ሄድሁ። ሁለት ዙር እስኪቀር ድረስ ሁለተኛ ነበረች፣ ያውም ቀጥ ብላ። ከዚያ ደከማት። መጀመሪያ አገጯ ወረደ። ቀጥሎ ትከሻዋ ተሰበሰበ፣ እርምጃዋም አጠረ። በሱቄ በር ስታልፍ የማውቃት ልጅ ሆነች። ብድግ ብዬ «ቀና በይ! ቀና በይ!» እያልሁ ጮህሁ። ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። አንዷ አለፈቻት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌላዋ። አራተኛ ወጣች።

አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። በዓመቱ ሩጫውን ተወችው፤ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ነው የምትውለው፣ ወገቧንም ያማታል። እሑድ እሑድ ጣና ዳር አብረን እንሄዳለን። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ የጎበጠ ጀርባዋን አያለሁ።

«ቀና በይ እንጂ ልጄ» እላታለሁ።

«እሺ እማ» ብላ ወዲያው ቀና ትላለች። ድሮም ያልኋትን እምቢ ብላኝ አታውቅም።